77 ኪሎ ፓስካል፦ በኮፈን ሥር የሚሸጠው ፈረስ ጉልበት

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቀይ ሾጣጣ ኤር ክሊነር ከሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቱቦው ጋር ተንጠልጥሏል። ዕቃውን አውርዶ የሚያገላብጠው ወጣት የሱዙኪ ዲዛየር ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ በስልክ ጥሪ ሰው ሲያመላልስ ይውላል።

«ስንት ይጨምራል?» አለ።

«አሥራ አምስት ፈረስ ጉልበት» አለ ሻጩ ሳያመነታ። «ዳገት ላይ አንተው ትመሰክራለህ።»

ዳገት ሲባል የልጁ ፊት ተለወጠ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሦስት ሰው ጭኖ ሲወጣ መኪናው እንደሚያቃስት፣ ኤሲውን አጥፍቶ አንደኛ ማርሽ ውስጥ ለመግባት እንደሚገደድ ነገረን። ቢሆንም ገንዘቡን አልቆጠረም። «ጋሼን ሳልጠይቅ አልገዛም» ብሎ ዕቃውን መለሰና መኪናውን ለዓመታት ሲጠግኑለት ወደኖሩት ቄራ አካባቢ ወዳሉት መካኒክ ሄደ። እኔም ተከተልኩት።

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ባለቤቱም መቀየር ሲቸግረው ያለውን ማጠንከር ይመኛል። ለዚህ ምኞት የሚቀርበው ሸቀጥ ደግሞ ብዙ ነው፦ ሾጣጣ ኤር ክሊነር፣ የሞተሩን ኮምፒውተር የሚቀይር ፕሮግራም፣ ከዳሽቦርዱ ሥር የሚሰካ ትንሽ ሣጥን፣ የነዳጅ መስጫ ማፍጠኛ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በእርግጥ ጉልበት ይጨምራሉ። አንዳንዶቹ ምንም አይጨምሩም። ልዩነቱ የሚታወቀው ደግሞ በሻጩ አንደበት ሳይሆን በሞተሩ ዓይነትና በምንኖርበት ከፍታ ነው።

መካኒኩ ስለ ዕቃው ከሰሙ በኋላ ብዙም አልተናገሩም። ከኪሳቸው አንዲት ትንሽ ማንበቢያ አውጥተው ከመሪው ሥር ባለው የዲያግኖስቲክ ሶኬት ላይ ሰኩ፤ ስልካቸውን ከፈቱ። «ቁልፉን ክፈት፤ ሞተሩን ግን አታስነሣ» አሉት። ስልኩ ላይ የማኒፎልድ ግፊት የሚል መስመር ወጣ፤ ከጎኑ 77 የሚል ቁጥር። ሞተሩ ስላልተነሣ ያ ቁጥር የአዲስ አበባ አየር ግፊት ነው፤ 77 ኪሎ ፓስካል።

ከዚያ ሦስታችንም መኪናው ውስጥ ገባን። ሰዋራ ዳገት ላይ ልጁ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ረገጠው። ሞተሩ ጮኸ፤ ስልኩ ላይ ያለው ቁጥር 75 አካባቢ ቆመ።

«አየህ ልጄ» አሉ መካኒኩ። «ውጭ ያለው 77 ነው። ሞተሩ አፍ የደረሰው 75። ኤር ክሊነሩን፣ ሣጥኑን፣ ቱቦውን ሁሉ አውልቀህ ብትጥል የምታገኘው ይቺን ሁለቷን ነው። ሰባ ሰባትን ሰማንያ የሚያደርግ ቱቦ የለም።»

ጉዳዩን በሁለት ንባብ የዘጋው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ለምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል።

ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ቤንዚን በማቃጠል ነው፤ ቤንዚን የሚቃጠለው ደግሞ በአየር ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ነዳጅ መጨመር ቀላል ነው፤ ኢንጀክተሩ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ከተከፈተ በቂ ነው። አስቸጋሪው አየር ማስገባት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየርን በራሱ አይገፋም። ፒስተኑ ሲወርድ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ የውጭው ግፊት አየሩን ወደዚያ ይገፋዋል። ስለዚህ የሞተሩ ጉልበት በውጭው የአየር ግፊት የተወሰነ ነው።

በባሕር ወለል ላይ፣ ጅቡቲ ወደብ ለምሳሌ፣ ያ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ስላለች ወደ 77 ይወርዳል። እንጦጦ አናት ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ 70 አካባቢ ነው። ወደ ቆላ የተጓዘ ሁሉ ይህን በዓይኑ አይቶታል፦ አዲስ አበባ ላይ ጠጥቶ ክዳኑን ያጠበቀው የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ አዋሽ ሲደርስ ተጨራምቶ ይገኛል። ሹፌሮችም እዚያ ሲደርሱ መኪናው «ቀለል አለው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

የዲዛየሩ 1.2 ሊትር ሞተር በፋብሪካ ሲለካ 82 ፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጣል። በአዲስ አበባ አየር ይህ ወደ 62 ይወርዳል። ሃያው መርካቶም ሳይደርስ፣ ማንም ሳይነካው፣ በከፍታ ምክንያት ብቻ ሄዷል። ልጁ በሽሮ ሜዳ ዳገት የሚያጣው ጉልበት እሱ ነው። ዕቃው የሚመልሰው ደግሞ በ77 እና በ75 መካከል ካለው ክፍተት አያልፍም። ይህም ከመቶ ሁለት ተኩል ገደማ ነው፤ ከ62 ላይ ሲሰላ አንድ ተኩል ፈረስ ጉልበት። እሱም ቢሆን ሞተሩ በሙሉ ጋዝ፣ በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር ብቻ። በከተማ ትራፊክ ውስጥ፣ ነዳጅ መስጫው በግማሽ ሲረገጥ፣ አየሩን የሚያግደው ኤር ክሊነሩ ሳይሆን ሹፌሩ ራሱ የሚከፍተውና የሚዘጋው የስሮትል በር ነው። ያኔ የኤር ክሊነሩ መለወጥ ትርጉም የለውም።

አንዳንድ መኪና ላይ የማኒፎልድ ግፊት ሳይሆን የአየር ፍሰት በግራም ይነበባል። ያኔም ማስላት ይቻላል። መካኒኮች የሚጠቀሙበት ግምት አለ፦ በሰከንድ አንድ ግራም አየር አንድ ተሩብ ፈረስ ጉልበት ይሰጣል። የዲዛየሩ ሞተር በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 54 ሊትር ያህል አየር ይስባል፤ የአዲስ አበባ 54 ሊትር አየር 50 ግራም አይሞላም። ይኸው ስሌት ወደዚያው ወደ 62 ያደርሰናል። አሥራ አምስት ፈረስ ጉልበት የሚጨምር ኤር ክሊነር እንግዲህ በሰከንድ ተጨማሪ 12 ግራም አየር ከየት እንደሚያመጣ ማስረዳት አለበት።

የፋብሪካው መሐንዲሶች የተዉት ጉልበት አለ የሚለው አስተሳሰብም ሊፈተሽ ይገባል። ኮፈኑን ክፈቱና ዋናውን የአየር ሣጥን ተከተሉት። የአብዛኛው ዘመናዊ መኪና አየር መሳቢያ ቱቦ ከራዲያተሩ በላይ ወይም ከመብራቱ ኋላ ወጥቶ የውጭውን ቀዝቃዛ አየር ይስባል። በፋብሪካ የተገጠመው ራሱ «ቀዝቃዛ አየር መሳቢያ» ነው። ያንን አውልቆ በቦታው ክፍት ሾጣጣ ኤር ክሊነር ሲገጠም፣ ሞተሩ መሳብ የሚጀምረው ኮፈን ሥር የታፈነውን ሞቃት አየር ነው። ውጭው 20 ዲግሪ ሆኖ ኮፈን ሥር 50 ከሆነ፣ በመገናኛ ትራፊክ ደግሞ ይህ ብርቅ አይደለም፣ አየሩ ከመቶ ዘጠኝ ያህል ይሳሳል። ሁለት ተኩል ለማግኘት ዘጠኝ መክፈል ማለት ነው። መኪናው ሲሮጥ ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ዳገት ላይ በዝግታ ሲወጣ ግን አይቀንስም።

ታዲያ የገጠሙት ሰዎች ለምን «ልዩነት አለው» ይላሉ? አይዋሹም፤ የሰሙት ድምፅ ነው። የፋብሪካው ሣጥን አጠገብ ያለው ባዶ ክፍል ሪዞኔተር ይባላል፤ የአየር መሳብ ጩኸትን ያፍናል። እሱ ሲወጣ ሞተሩ ማግሳት ይጀምራል፤ ጆሮ ያንን እንደ ፍጥነት ይቀበለዋል። የነዳጅ መስጫ ማፍጠኛ የሚባለው ሣጥንም የሚሠራው ተመሳሳይ ነገር ነው። ፔዳሉ ሩብ ሲረገጥ ለኮምፒውተሩ «ግማሽ ተረግጧል» ይለዋል። መኪናው ፈጣን የሆነ ይመስላል፤ ፔዳሉ እስከ ታች ሲረገጥ ግን መቶ በመቶ ያው መቶ በመቶ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ አቧራው ነው። የመንገዳችን አቧራ ውስጥ ያለው ሲሊካ በጥንካሬ ከሲሊንደሩ ብረት ይበልጣል። ኤር ክሊነር የተሠራው መጀመሪያ ይህን ለማስቀረት ነው፤ አየር ማሳለፉ ሁለተኛ ሥራው ነው። አየር በነጻነት የሚያሳልፍ ርካሽ ማጣሪያ ደቃቁንም አቧራ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ያ አቧራ የፒስተኑን ፋሻዎችና ሲሊንደሩን ይበላል። ዘይት የሚቀባው የጥጥ ዓይነት ደግሞ ዘይቱ ከበዛ ወደ አየር መለኪያው ሄዶ ቀጭኗን ሽቦ ይለብሳታል፤ ኮምፒውተሩ የተሳሳተ ንባብ ያገኛል፤ መኪናው ነዳጅ መብላት ይጀምራል። አንድ ተኩል ፈረስ ጉልበት ፍለጋ ተሂዶ ሞተር ማሠራት ይመጣል።

ስለ ተሰኪው ሣጥን አጭር ነገር ልበል፤ ብዙ አይገባውም። ናይትሮ ኦቢዲ 2 የሚባለውን የፈረንሳይ የኮምፒውተር ደህንነት ተመራማሪዎች ፈትተው መርምረውታል። ውስጡ ያገኙት መብራቶችን የምታብለጨልጭ ቺፕ ነው። ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር መነጋገሪያ ክፍል እንኳ አልነበረውም። መኪና ላይ ሰክተው መልእክቶቹን ሲከታተሉም አንዲት ተጨማሪ መልእክት አላዩም። በዚሁ መደብ «ቺፕ» ተብላ የምትሸጥ የሳንቲሞች ዋጋ ያላት ሬዚስተር አለች፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው ብላ ኮምፒውተሩን ታታልላለች፤ ኮምፒውተሩም ነዳጅ ይጨምራል። አየር ሳይጨምር ነዳጅ ብቻ መጨመር ብክነት ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ነገር ልምጣ፤ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም መቀየር። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ሙያ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር በየዙሩና በየጭነቱ ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ፣ ነዳጅ ስንት እንደሚረጭ፣ ቱርቦ ካለው ስንት ግፊት እንደሚፈጥር የሚነግሩ ሰንጠረዦች አሉት። ባለሙያው እነዚህን ይቀይራል።

ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ የሚቀየረው በዋናነት የእሳቱ ሰዓት ነው። ፋብሪካው ግን ያንን ከምርጡ ነጥብ አጠገብ አድርጎ ነው የሚለቀው። የሚገኘው በተለምዶ ከመቶ ጥቂት ነው፤ ያም የተሻለ ቤንዚን ሲገኝ። ኦክቴኑ ዝቅ ያለ ቤንዚን ላይ እሳቱን ማስቀደም ሞተሩን ያስንኳኳዋል፤ ማንኳኳት ፒስተን ይበሳል። ለዲዛየር፣ ለቪትዝ፣ ለኮሮላ ባለቤት ምክሬ አጭር ነው፦ ይቅርባችሁ።

ቱርቦ ያለው ሞተር ሌላ ዓለም ነው። ቱርቦ አየሩን ራሱ ይገፋል፤ ስለዚህ የ77ቱ ጣሪያ እሱን አያስረውም። የግፊቱን ልክ የሚወስነው ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙን ከፍ ካደረጉት አየሩ ይጨምራል፤ ነዳጁም አብሮ ይጨምራል፤ ጉልበቱ ይወጣል። ሰባተኛው ትውልድ ጎልፍ ጂቲአይ ከፋብሪካ 220 ፈረስ ጉልበት ያህል ይዞ ይወጣል፤ ሞተሩ ሳይፈታ፣ በፕሮግራም ብቻ፣ በጥሩ ቤንዚን ወደ 300 አካባቢ የሚያደርሱት አሉ። በኮመን ሬይል ናፍጣ መኪኖችም ከመቶ ሃያና ከዚያ በላይ ማግኘት የተለመደ ነው።

ስለዚህ ሃይሉክስ ያለው ሰው መካኒኩን ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ የተለየ ነው። ጠየቅኋቸው። «ይሠራል» አሉ፤ ቀጥለውም «ችግሩ ፕሮግራሙ የተጻፈው የት ነው የሚለው ነው» አሉ።

ነገሩን በቁጥር ላሳይ። አንድ ናፍጣ ሞተር ቱርቦው አየሩን ወደ 220 ኪሎ ፓስካል እንዲያደርሰው ታዟል እንበል። በባሕር ወለል ላይ ይህ ማለት የውጭውን ግፊት 2.2 ጊዜ ማባዛት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን መነሻው 77 ነው፤ እዚያው 220 ለመድረስ 2.9 ጊዜ ማባዛት ይጠበቅበታል። ቱርቦው ገና ከፋብሪካ እንደወጣ በእኛ ከተማ ከሌላው በላይ እየተሽከረከረ ነው። አሁን በዝቅተኛ አገር ተጽፎ በኢንተርኔት የተሸጠ ፕሮግራም መጥቶ 240 ይሁን ቢለውስ? ከሦስት እጥፍ በላይ ሊሆን ነው። የቱርቦው ዘንግ ከተሠራለት ፍጥነት ያልፋል፤ የሚወጣው አየር ይግላል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ የጭስ ማውጫው ሙቀት ይጨምራል። እንጦጦ ላይ ጭነት ይዞ መውጣት ሲመጣ ደግሞ ይህ ሁሉ በአንድ ላይ ይደርሳል። ጠንቃቃ ፋብሪካዎች ከፍታው ሲጨምር ግፊቱን ዝቅ የሚያደርግ ሰንጠረዥ የሚያስገቡት ለዚህ ነው፤ ያንን ሰንጠረዥ ሳያይ የሚቀይር ሰው በቱርቦው ላይ እየፈረደበት ነው።

የሬይል ግፊት መለኪያውን ንባብ ለውጦ ለኮምፒውተሩ ውሸት የሚነግረው የናፍጣ «ቺፕ ቦክስ»ም እንዲሁ ነው። ግፊቱ አነሰ እያለ ፓምፑን ያስገፋዋል፤ ጉልበት ይጨምራል፤ ነገር ግን ከፍታውን አያውቅም፣ ሙቀቱንም አያውቅም። በጭፍን ነው የሚሠራው።

ሃርድዌሩ ምን ያህል እንደሚወስን የቶዮታ 2.5 ሊትር ዲ-ፎር-ዲ ጥሩ ምስክር ነው። ያው የሞተር መጠን በአንዱ ገበያ በ102፣ በሌላው በ144 ፈረስ ጉልበት ተሽጧል። ልዩነቱን ያመጣው ተስተካካይ ቱርቦና ኢንተርኩለር ነው። አንድ መቶ ሁለቱን መኪና በፕሮግራም ብቻ አንድ መቶ አርባ አራት አደርግልሃለሁ የሚል ሰው፣ ቶዮታ ብረት ጨምሮ ያመጣውን እሱ ያለ ብረት ሊያመጣው ነው።

«ዳይኖ ላይ ተለክቷል» የሚል ማስረጃ ይዞ የሚመጣም አለ። ዳይኖ ጎማዎቹ በከባድ ሮለር ላይ ዞረው ጉልበቱ የሚለካበት መሣሪያ ነው፤ ጥሩ መሣሪያ ነው። ሆኖም ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ቁጥር እንዳለ የተነበበው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ኤስኤኢ ጄ1349 በሚባለው ደንብ ወደ 25 ዲግሪ ሙቀትና 99 ኪሎ ፓስካል ግፊት ተስተካክሎ የወጣ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ዴንቨርና ኦሮራ ያሉ ወገኖቻችን 1,600 ሜትር ላይ ነው የሚኖሩት፤ እዚያ የሚለካ መኪና በማስተካከያው ብቻ ከመቶ ሃያ ያህል ይጨመርለታል። ቱርቦ ለሌለው መኪና ይህ ሚዛናዊ ነው። ቱርቦው የከፍታውን ጉድለት ለሞላለት መኪና ግን ያልነበረ ጉልበት መስጠት ነው። ያው መኪና ያለ ምንም ለውጥ ሁለቴ ቢለካም ከመቶ ሁለት ያህል ሊለያይ ይችላል። የኤር ክሊነር ሻጮች የሚመኩበት ጭማሪ ብዙ ጊዜ በዚያ ልዩነት ውስጥ ይጠፋል።



ወደ ቄራው ጋራዥ ልመለስ። መካኒኩ የዲዛየሩን የአየር ሣጥን ከፈቱና ማጣሪያውን አወጡት። መልኩ የመሬት መልክ ነበረው፤ እጥፋቶቹ በአቧራ ተሞልተዋል። መሬት ላይ ሲያራግፉት ትንሽ ክምር ሠራ። አንዱ ካንዴላ ጫፉ ተበልቶ ተገኘ። የኋላ ቀኝ ፍሬን እየነካ ነበር፤ ጎማው ሲሽከረከር ይሰማል። የጎማዎቹ ንፋስም ጎድሏል። «ጉልበትህ እዚህ ነው ያለው» አሉት።

በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ይደግፋቸዋል። በኢንጀክሽን የሚሠሩ መኪኖች ላይ የተዘጋ ኤር ክሊነር በአዲስ ሲተካ የነዳጅ ፍጆታቸው አልተለወጠም፤ ፍጥነት ለመጨመር የሚወስድባቸው ጊዜ ግን ከመቶ 6 እስከ 11 ተሻሽሏል። ይህን ውጤት ያመጣው ሾጣጣ ሳይሆን ተራ፣ አዲስ፣ ንጹሕ የወረቀት ማጣሪያ ነው። በዲዛየሩ ላይ ግን ከማጣሪያው የሚገኘው ያው ከሁለቷ ኪሎ ፓስካል አያልፍም፤ ቀሪው ከካንዴላው፣ ከፍሬኑና ከጎማው ነው።

ስለ ከፍታው ጉዳይ የመጨረሻውን መልስ የሰጠው ኤሌክትሪክ ነው። በኮሎራዶ የፓይክስ ፒክ የተራራ ውድድር መጨረሻው 4,302 ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ አንድ የቤንዚን ሞተር ቱርቦ ከሌለው ከጉልበቱ ከመቶ አርባ ያህል ያጣል። በ2018 እ.ኤ.አ. ሮማን ዱማ በቮልስዋገን አይዲ አር ኤሌክትሪክ መኪና ተራራውን በ7 ደቂቃ ከ57.148 ሰከንድ ወጥቶ የሁሉንም ዓይነት መኪና ክብረ ወሰን ሰበረ። ኤሌክትሪክ ሞተር ለመሥራት አየር አያስፈልገውም። ዛሬ በእንጦጦ መንገድ ኤሌክትሪክ መኪኖች ሌላውን በቀላሉ ሲያልፉ የምናየው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ለቤንዚን መኪና ባለቤቶች የማቀርበው ልመና ይህ ነው። ጉልበት ይጨምራል ለሚላችሁ ሁሉ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ንባብ ጠይቁት፦ ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሣ ያለው ግፊት፣ ከዚያም በሙሉ ጋዝ በከፍተኛ ዙር ያለው። ልዩነቱ ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ዕቃውን መልሱለት፤ ገንዘቡንም ለኤር ክሊነር፣ ለካንዴላና ለፍሬን አውሉት። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የተዘጋውን ነገር ፈልጉ። መኪናችሁ ቱርቦ ያለው ከሆነና ፕሮግራሙን ማስቀየር ከፈለጋችሁ፣ ከባለሙያው ጋር ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ፕሮግራሙ ለ77 ኪሎ ፓስካል የተስተካከለ መሆኑን ያሳያችሁ። ማሳየት ካልቻለ መኪናችሁን አትስጡት።